አንድ ሆድ፣ ሁለት የአልትራሳውንድ ውጤት፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከወለድኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ምግብ ከበላሁ በኋላ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጀምሮ ወደ ትከሻዬ የሚወጣ ሕመም ስላስቸገረኝ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ፤ ውጤቱም ‹የሆድ ዕቃ ደኅና ነው› የሚል ነበር። ሕመሙ ስላልተወኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ታየሁ፤ በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ከጎን ወደ ጎን ስገላበጥ የሚንቀሳቀሱ ጠጠሮች እንዳሉና የሐሞት ቱቦዬም 8 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሰፋ ተነገረኝ። አሁን ደግሞ ኤምአርአይ ታዞልኛል። በእርግዝናዬም ጊዜ በ9ኛውና በ34ኛው ሳምንት የታየኋቸው ሁለት አልትራሳውንዶች የሰጡኝ የመውለጃ ቀን በ16 ቀን ይለያይ ነበር። ይህ መሣሪያ በእርግጥ የሚታመን ነው? ከሁለቱስ የተሳሳተው የትኛው ነው?»

ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ልጀምር። ሁለት ሐኪሞች አንድን የሲቲ ስካን ምርመራ ተመልክተው የተለያየ ነገር ቢናገሩ፣ ያዩት ምስል አንድ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ይቻላል፤ ሦስተኛ ሐኪምም ያንኑ ምስል ከፍቶ ሊዳኛቸው ይችላል። በአልትራሳውንድ ይህ አይሠራም። ምስሉ የሚፈጠረው ባለሙያው ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ክፍል) ባሳረፈበት ቦታ፣ ባዘነበለበት አቅጣጫ፣ በተጫነበት መጠንና ታማሚው ትንፋሹን በያዘበት ቅጽበት ነው፤ በየሰከንዱ ከሚያልፉት ሃያና ሠላሳ ምስሎች ውስጥም ተመርጠው የሚቀመጡት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ባለሙያው ያልዞረበት ማዕዘን የትም አልተመዘገበም፤ ኋላ ተመልሶ ሊታይም አይችልም። ስለዚህ እርስዎ ሁለት ጊዜ ሲታዩ ያገኙት የአንድ ምስል ሁለት ንባብ ሳይሆን፣ በተለያየ ቀንና በተለያየ ሁኔታ የተካሄዱ ሁለት ምርመራዎችን ነው። ሁለቱም በቅን ልቦና የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ላይ የምነቅፈው ነገር አለኝ፤ ነገር ግን ነቀፌታዬ ጠጠሩን አለማየቱን አይመለከትም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። በፕሮቡ ፊት ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ቁሶች ኤሌክትሪክ ሲደርስባቸው ይርገበገባሉ፤ በተራቸው ደግሞ ድምፅ ሲያርገበግባቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ግፊት ከአንዳንድ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳዩ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ ፕሮቦችም በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ ጠባይ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ ለምርመራ የሚያገለግለው ግን በአብዛኛው ከ2 ሚሊዮን እስከ 18 ሚሊዮን ጊዜ፣ ማለትም ከ2 እስከ 18 ሜጋ ኸርዝ ይርገበገባል። መሣሪያው አንድ አጭር የድምፅ ምት ወደ ሰውነት ይልክና ጸጥ ብሎ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ያዳምጣል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ በአማካይ በሰከንድ 1,540 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ 13 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መሣሪያውም ማሚቶው የዘገየበትን ጊዜ ወደ ርቀት፣ የማሚቶውን ጉልበት ደግሞ ወደ ብርሃን ለውጦ በስክሪኑ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ይህ ሲደጋገም አንድ መስመር፣ መስመሮቹም ጎን ለጎን ሲሰለፉ አንድ ቀጭን የሰውነት ቁራጭ ይወጣል።

ማሚቶ የሚፈጠረው ድምፅ አንዱን ነገር ለቆ ድምፅን በተለየ መንገድ ወደሚያስተላልፍ ሌላ ነገር ሲሻገር ነው። ስብና ጡንቻ በሚገናኙበት ድንበር ላይ የሚመለሰው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የተቀረው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ከበስተጀርባ ስላለው ነገር ይዞ የሚመጣው ወሬ ይኖረዋል። ከለስላሳ ሥጋ ወደ አየር ሲደርስ ግን 99.9 በመቶው እዚያው ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ከአየሩ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ለመሣሪያው የለም። ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ሌላ መድኃኒትነት የለውም፤ በፕሮቡና በቆዳው መካከል ያለችውን ስስ አየር ለማስወጣት ብቻ ነው። በአንጀት ውስጥ ያለውን ጋዝ ግን ጄል አያስወጣውም። ጠጣር አጥንትም ድምፁን አንጸባርቆና መጥጦ ስለሚያስቀር የአዋቂ ሰው አንጎል በአልትራሳውንድ በደንብ አይታይም፤ በጨቅላ ሕፃን ግን እርግብግቢቱ ገና ስላልተዘጋ በዚያች ለስላሳ ቦታ በኩል በጥሩ ሁኔታ ይታያል።

ሌላው ገደብ በጥልቀትና በጥራት መካከል ያለው ሽሚያ ነው። ድምፁ በፍጥነት በተርገበገበ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ ያን ጊዜ ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ ማሳየት ይችላል። በ3.5 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.44 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ12 ሜጋ ኸርዝ ወደ 0.13 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ከፍተኛውን አንጠቀምም? ምክንያቱም በፍጥነት የሚርገበገብ ድምፅ በመንገድ ላይ ቶሎ ይደክማል። ለስላሳ ሥጋ በየሴንቲ ሜትሩና በየሜጋ ኸርዙ የድምፁን ጉልበት 0.5 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ሲሰላ፣ 3.5 ሜጋ ኸርዝ የሆነ ድምፅ 15 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ሲመለስ ጉልበቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ በታች ይሆናል፤ መሣሪያው ይህን አጉልቶ ማሳየት ይችላል። 12 ሜጋ ኸርዝ ከሆነ ግን ከዚያ ጥልቀት የሚሰማ ነገር አይመለስም። እንቅርትን፣ ጡትን፣ ጅማትንና ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን በከፍተኛው፣ ጉበትንና ኩላሊትን ደግሞ በዝቅተኛው የምንመረምረው ስለዚህ ነው። ሆዱ ወፍራም በሆነ ሰው ላይ የሐሞት ከረጢት ከፕሮቡ ስለሚርቅ፣ ያው ባለሙያ በያው መሣሪያ የሚያገኘው ምስል ከቀጭን ሰው ያነሰ ይሆናል።

አሁን ወደ እርስዎ የሐሞት ከረጢት እንምጣ። አልትራሳውንድ ከሁሉም የበለጠ ብቃቱን ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሐሞት ፈሳሽ ስለሆነ ማሚቶ አይመልስም፤ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠጠር በዚህ ጥቁር መካከል ሲገኝ ፊቱ ብሩህ ይሆናል፤ ድምፁን ወደ ኋላው ስለማያሳልፍም ከሥሩ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ታማሚው ሲገላበጥም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይንከባለላል። ብሩህነት፣ ጥላና እንቅስቃሴ ሦስቱም አብረው ከተገኙ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግም። በደንብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ላይ በተሠራ ምርመራ፣ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ካላቸው 100 ሰዎች ውስጥ የ95ቱ ወይም ከዚያም በላይ የሚሆኑት ጠጠር ይታያል። ሲቲ ስካን እንኳ በዚህ አይበልጠውም፤ ከኮሌስትሮል የተሠሩ ጠጠሮች በሲቲ ምስል ላይ ከሐሞቱ ጋር ተመሳስለው ስለሚጠፉ ጥቂት የማይባሉት ሳይታዩ ያልፋሉ።

«በደንብ ተዘጋጅቶ» ያልኩት ግን ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ነው። የሐሞት ከረጢት ምግብ ሲደርሰው፣ በተለይም ቅባት ሲደርሰው፣ ተጨምቆ ሐሞቱን ወደ አንጀት ይለቃል። ከረጢቱ ሲኮማተር ጥቁሩ ፈሳሽ ይጠፋል፤ ግድግዳው የወፈረ ይመስላል፤ በውስጡ ያለ ጠጠርም የሚጎላበት ጥቁር መደብ ስለሌለው ከአጠገቡ ካለው የትንሹ አንጀት ጋዝ ለመለየት ያስቸግራል። ከምርመራው በፊት 6 ወይም 8 ሰዓት ያህል ከምግብ ታቅባችሁ ኑ የሚባለው ለዚህ ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ የሄዱት ቁርስ በልተው ከነበረ፣ የልዩነቱ ምክንያት ምናልባት ከዚህ ላያልፍ ይችላል። ሌላም አለ፦ ከረጢቱ አንገት ላይ የተወሸቀ ጠጠር በጀርባ በመተኛት ብቻ አይታይም፤ በግራ ጎን መተኛት፣ አንዳንዴም መቆም ይጠይቃል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ጠጠሮች ከድምፁ ጨረር ውፍረት ስለሚያንሱ ጥላ ሳይጥሉ ሊያልፉ ይችላሉ። የሚገርመው ደግሞ፣ ምስሉን ለዐይን የሚስብና ለስላሳ ለማድረግ በዘመናዊ መሣሪያዎች ላይ የተጨመረው ድምፁን ከበርካታ ማዕዘን የሚልክ ዘዴ፣ ጥላውንም አብሮ ያደበዝዘዋል፤ ጠጠር የሚፈልግ ባለሙያ አንዳንዴ ይህን «ማሻሻያ» ማጥፋት አለበት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠጠሩ አዲስ ተፈጥሮ ይሆን? ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። በእርግዝና ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሐሞት ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ያበዛዋል፤ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ከረጢቱ በዝግታ እንዲጨመቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በነፍሰ ጡሮችና በቅርብ በወለዱ ሴቶች ዘንድ ዝቃጭና ጠጠር የተለመደ ነው። ዝቃጩ ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊጠፋም ይችላል። ይሁን እንጂ ጥላ የሚጥል ጠጠር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ተፈጠረ ከማለት፣ ሕመሙም ከዚያ በፊት ስለጀመረ፣ በመጀመሪያው ቀን ነበረ ነገር ግን አልታየም ማለቱ ይበልጥ ያስኬዳል።

ሁለተኛው ውጤት ጠጠር ስለተገኘበት ብቻ ትክክል ነው ብዬ እንዳልተቀበልኩም ልብ ይበሉ። መሣሪያው ድምፅ ሁልጊዜ በቀጥታ እንደሚሄድ፣ ፍጥነቱ በየትም ቦታ 1,540 ሜትር እንደሆነና አንዴ ብቻ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ አድርጎ ያሰላል፤ ሰውነት ግን ይህን ሁሉ አያከብርም። በስብ ውስጥ ፍጥነቱ ወደ 1,450 ይወርዳል። ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ በጉበት ውስጥ ያለ ዕብጠት ከድያፍራሙ በላይ፣ በሳንባው ቦታ፣ ሁለተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከዋናው ጨረር ጎን የሚሾልኩ ደካማ ጨረሮችም ንጹሕ በሆነ የሐሞት ከረጢት ውስጥ የሌለ ዝቃጭ ይሥላሉ። ከረጢቱን ተጠግቶ የሚያልፈው አንጀት ውስጥ ያለ ጋዝ ብሩህ ፊትና ጥላ ስላለው ጠጠር መስሎ ብዙዎችን አሳስቷል፤ የጋዝ ጥላ ግን እንደ ጠጠር ጥላ ጥርት ያለ ጥቁር አይደለም፤ ግራጫና የተበጠበጠ ነው። የእርስዎን ሁለተኛ ውጤት የማምነው «ስገላበጥ የሚንቀሳቀሱ» በሚለው ሐረግ ምክንያት ነው። የአንጀት ጋዝ በከረጢቱ ውስጥ አይንከባለልም፤ ከግድግዳው የበቀለ ፖሊፕም ከቦታው አይነቃነቅም።

እንግዲህ ጠጠሩ ከታየ ኤምአርአይ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ከረጢቱ አይደለም፤ ቱቦው ነው። ዋናው የሐሞት ቱቦ ውስጣዊ ስፋት በአብዛኛው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ዕድሜ ሲገፋ በመጠኑ ሊሰፋ ይችላል። በእርስዎ ዕድሜ 8 ሚሊ ሜትር መሆኑ አንድ ጠጠር ከረጢቱን ለቆ ወርዶ ታችኛው ጫፍ ላይ ተሰንቅሮ እንደሆነ ያጠራጥራል። የቱቦው የላይኛው ክፍል ጉበትን ተገን አድርጎ በአልትራሳውንድ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ከደም ወሳጁና ከትልቁ የጉበት ደም መላሽ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሦስቱን ለመለየት የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው የመሣሪያው ዘዴ፣ ዶፕለር፣ ይበራል፤ በደም ሥሮቹ ውስጥ ቀለም ሲታይ ቱቦው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ታችኛው ክፍል ግን ከጋዝ በስተጀርባ በቆሽት ውስጥ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በዚያ ቦታ የአልትራሳውንድ ጠጠር የማግኘት ዐቅም በከረጢቱ ውስጥ ካለው በእጅጉ ያንሳል። ለሐሞት ቱቦ ተብሎ የሚሠራ ኤምአርአይ ጋዝ አያግደውም፤ በቱቦው ውስጥ ያሉ ጠጠሮችን ከ90 በመቶ በላይ ያገኛል። የሚያስደስተው ግን ለዚሁ ችግር ራሱ አልትራሳውንድ ሌላ መልስ ያለው መሆኑ ነው፦ ጫፉ ላይ ትንሽ ፕሮብ የተገጠመለት ኢንዶስኮፕ (ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን የመመርመሪያ ቧንቧ) በአፍ በኩል እስከ ትንሹ አንጀት መግቢያ ወርዶ ቱቦውን ከጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ያያል። ጋዙ ከበስተጀርባው ስለሚቀር፣ ጥልቀቱም ስላነሰ ከፍተኛ ድግግሞሽ መጠቀም ይቻላል፤ ኤምአርአይ የሚስታቸውን ጥቃቅን ጠጠሮች ሳይቀር ያሳያል። ስለዚህ ኤምአርአይ መታዘዙ ሁለተኛውን ምርመራ ማመን ነው።

የመውለጃ ቀን ልዩነቱ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ሁለቱም መሣሪያዎች በትክክል ለክተው ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ የፅንስን ዕድሜ አይለካም፤ የሚለካው ርዝመቱንና ስፋቱን ብቻ ነው፤ ዕድሜ የሚገኘው ያ ልክ በአማካይ በየትኛው ሳምንት እንደሚደረስበት ከሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፅንሶች ሁሉ በተቀራረበ ፍጥነት ስለሚያድጉ፣ ከራስ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት ዕድሜውን ከ5 እስከ 7 ቀን በማይበልጥ ስሕተት ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የራስ ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያና የጭን አጥንት ርዝመት ይለካሉ፤ ነገር ግን የዘር ውርስ፣ የእንግዴ ልጁ ብቃትና የእናትየው ጤና እያንዳንዱን ፅንስ በራሱ መንገድ እየወሰዱት ስለሚሄዱ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የዕድሜው ግምት በ3 ወይም በ4 ሳምንት ሊዛነፍ ይችላል። በ34ኛው ሳምንት የተገኘ የ16 ቀን ልዩነት በዚህ ውስጥ የሚወድቅ ነው። ትክክለኛው አሠራር በ9ኛው ሳምንት የተሰጠውን ቀን አጽንቶ መያዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ሲመክር ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ዘግይቶ በተሠራ አልትራሳውንድ የመውለጃ ቀንን መለወጥ ምንም እንደማይጎዳ ተደርጎ ይታሰባል፤ አደገኛ ነው። ኋለኛው ምርመራ ዕድሜውን አሳንሶ ከገመተ፣ ከአማካዩ ያነሰ ፅንስ አለ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ እድገቱ የተገታ ልጅ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ቀኑን ወደፊት በመግፋት ልጁን «ለዕድሜው ልክ» ማድረግ ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ ይሰርዘዋል እንጂ አይመልሰውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ለክቶ እድገቱን ማነጻጸርና በእትብቱ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት በዶፕለር ማየት ይገባል። የክብደት ግምትም እንዲሁ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ ከእውነተኛው ክብደት በ10 ወይም በ15 በመቶ መራቁ የተለመደ ነው፤ 3 ኪሎ ግራም የተባለ ልጅ 2.6 ወይም 3.4 ሆኖ ቢወለድ ማንም አልዋሸም።

ዶፕለርን ሁለቴ ስለጠቀስኩ ጥቂት ልበል። ስሙን ያገኘው ከክርስቲያን ዶፕለር ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጸው የሞገድ ምንጭ ወይም ተመልካች ሲንቀሳቀስ የሞገዱ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) እንደሚለወጥ ነው፤ የቀይ የደም ሕዋሳት እንቅስቃሴም ከሚመልሱት ድምፅ በዚሁ መንገድ ይታወቃል። ቀዩ ቀለም ደም ወሳጅ፣ ሰማያዊው ደም መላሽ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ቀለሙ የሚናገረው ደሙ ወደ ፕሮቡ እየመጣ ወይም ከፕሮቡ እየራቀ መሆኑን ብቻ ነው፤ ፕሮቡን ብናዞረው ያው የደም ሥር ቀለሙን ይለውጣል። ጨረሩ ፍሰቱን በ90 ዲግሪ ከመታው ደግሞ ደሙ እየፈሰሰም ቀለም ላይታይ ይችላል። እዚህም ላይ ውጤቱ በእጅ አያያዝ ላይ ይንጠለጠላል።

ታዲያ ልዩነቱን የሚያመጣው መሣሪያው ነው ወይስ ሰውየው? ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ በእኔ ሚዛን ግን ቅደም ተከተሉ የባለሙያው ሥልጠናና ጊዜ፣ ከዚያ የታማሚው ዝግጅት፣ ከዚያ መሣሪያው ነው። የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከጆን ማክቪካርና ከቶም ብራውን ጋር የሆድ ውስጥ ዕብጠቶችን በድምፅ ስለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያሳትም፣ ሥራው የተነሣው በብረት ውስጥ ስንጥቅ ለመፈለግ ከሚያገለግል የፋብሪካ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ከዚያ እጅግ የላቀ ምስል ያወጣል፤ በደረሰ አደጋ ሆድ ውስጥ ደም መፍሰሱን ወይም በልብ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩን በደቂቃዎች ውስጥ ለማወቅ ይበቃል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ አንድን ጥያቄ አንሥቶ «አለ ወይስ የለም» ማለት ከመላው የሆድ ዕቃ ምርመራ ጋር አንድ አይደለም። በማዘዣው ወረቀት ላይ «ሆድ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍና «ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚነሣ ሕመም» ተብሎ ሲጻፍም ባለሙያው የሚፈልገው ነገር፣ ታማሚውን የሚያገላብጥበት መንገድና በአንድ ቦታ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ይለያያል።

ቀደም ሲል አቆይቼው የነበረውን ነቀፌታ እዚህ ላንሣው። «የሆድ ዕቃ ደኅና ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን እንደታየ እንጂ ምን እንዳልታየ አይናገርም። ከረጢቱ ተኮማትሮ ከነበረ፣ ወይም ቆሽቱ በጋዝ ተሸፍኖ ከነበረ፣ ያ በውጤቱ ላይ መጻፍ ነበረበት፤ ሐኪምዎም ያን ጊዜ በባዶ ሆድ እንዲደገም ያዝዝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት በሕመም አያልፍም ነበር። ስለዚህ አንድ ውጤት ሲሰጥዎት እያነበቡ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ እያንዳንዱ አካል በስም ተጠቅሷል ወይ? በከፊል ብቻ የታየ ነገር አለ ወይ? ልኮች በቁጥር ተጽፈዋል ወይ? «ቆሽት በጋዝ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልታየም» የሚል ሐረግ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ባለሙያው ሥራውን በሐቀኝነት እንደሠራ ከሚያሳዩ ምልክቶች ግን አንዱ ነው።

መደጋገሙ ይጎዳኛል ብለው ከሠጉ፣ አልትራሳውንድ ድምፅ እንጂ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን የኤክስሬይ ጨረር አይጠቀምም። ድምፁ ሥጋን በጥቂቱ ሊያሞቅና በጋዝ አረፋዎች ላይ ግፊት ሊፈጥር ስለሚችል፣ መሣሪያዎች የሙቀትና የግፊት አመልካች ቁጥሮችን በስክሪናቸው ጥግ ያሳያሉ፤ ጥንቃቄው በተለይ የሚያስፈልገው በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት ዶፕለርን ያለ ምክንያት ላለማስረዘም ነው። ለሐሞት ከረጢት ሦስተኛ ጊዜ መታየት ቢያስፈልግ ከጡት ማጥባትም ሆነ ከሌላ ነገር ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ለኤምአርአይ ሲሄዱ የሁለቱንም አልትራሳውንድ ጽሑፍና ምስሎቹን ይዘው ይሂዱ፤ ምርመራውም በባዶ ሆድ የሚሠራ ስለሆነ ቀጠሮ ሲይዙ የጾሙን ሰዓት ይጠይቁ። የጉበት የደም ምርመራ ካልተሠራልዎት ይህንንም ያንሡ፤ የቢሊሩቢን (የሐሞት ቢጫ ቀለም) መጠን ከ8 ሚሊ ሜትሩ ጋር ተደምሮ ሐኪሙን ብዙ ይረዳዋል። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ዐይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት ሳይለቅ ከቆየና ወደ ጀርባ ከዞረ፣ ቱቦው ተዘግቶ ወይም ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአዩን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።